የዛፍ እንቁራሪት በመስተዋት ቤት ውስጥ ስለ ማኖር

እንቁራሪት በአገራችን ሰው ዘንድ እምብዛም የተከበረች ፍጥረት አይደለችም። ዝሆን አክላለሁ ብላ ፈንድታ ሞተች እያልን ትዕቢተኛውን የምንገሥጽባት፣ በኦሪትም ከግብፅ መቅሠፍቶች አንዱ ሆና የምናውቃት ናት። ሆኖም የሥነ ሕይወት ትምህርት ለሚማር ተማሪ፣ ከእርሷ የበለጠ ብዙ የምታስተምር ትንሽ እንስሳ ማግኘት ያስቸግራል። ውሃና ምድርን ታገናኛለች፤ በሳንባዋም በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ አየሩና ውሃው ሲበከል ከሌላው እንስሳ ቀድማ ትታመማለች።

ከጓደኞቻችን መካከል የዛፍ እንቁራሪት በመስተዋት ሣጥን አኑረው ጠባይዋን ለመከታተል የሚፈልጉ አሉ። ፍላጎቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እንቁራሪት እንደ ውሻ አትጮህም፣ እንደ ድመትም አታለቅስም። የምትኖርበት ቤት ባይስማማት ዝም ብላ ከስታ ዝም ብላ ትሞታለች፤ ጠባቂዋም ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል። ስለዚህ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደሚደረግ ጭምር በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ አሰብን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የመስተዋቱ ቤት አመጣጥ

እንዲህ ያለው የመስተዋት ቤት «ቴራሪየም» ይባላል። ቃሉ «ቴራ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ምድር ማለት ነው። የነገሩ መነሻ ግን እንስሳ አልነበረም። በ1829 ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም፣ የእሳት ራት ከሙሽሬዋ ስትወጣ ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጦ ክዳኑን ገጠመው። ከጊዜ በኋላ ሲመለከት ከአፈሩ ውስጥ ፈርንና ሣር በቅለው አገኘ። ቀን ከአፈሩ የሚተነው ውሃ በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ እየተመለሰ አፈሩን ያጠጣው ነበር። የለንደን ጭስ ያጠፋበት ፈርን በጠርሙሱ ውስጥ ለመለመ። ዋርድም በዚህ ዘዴ ሣጥን አሠርቶ በ1833 ሕያው ተክሎችን በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ተክሎቹም ከብዙ ወራት ጉዞ በኋላ በደኅና ደረሱ።

ከዚህ የምንማረው፣ የተዘጋ መስተዋት ውሃን እንደሚጠብቅ ነው። ለተክል ይህ ይበቃል። ለእንስሳ ግን አይበቃም፤ እንስሳ ንጹሕ አየር፣ ምግብ፣ የሙቀት ልክና ከራሷ ቆሻሻ የሚያላቅቃት ሰው ያስፈልጋታል። ቀድሞ በጀርመን አገር ሰዎች አረንጓዴዋን የዛፍ እንቁራሪት ትንሽ መሰላል ባለበት ማሰሮ መስተዋት ውስጥ ያኖሯት ነበር። መሰላሉን ስትወጣ አየሩ ብሩህ ይሆናል፣ ስትወርድ ይዘንባል ብለው ያምኑ ነበር። ያች እንቁራሪት ውሃና መስተዋት አልጎደላትም፤ ቤት ግን አልነበራትም።

ለ. የእንስሳዋ ተፈጥሮ

ቤቱን ከመሥራታችን አስቀድሞ ነዋሪዋን ማወቅ ይገባናል። አራት ነገሮች በተለይ መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ቆዳዋ። የእንቁራሪት ቆዳ ቀጭንና ዘወትር እርጥብ ነው። ኦክሲጅን በእርሱ በኩል ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ውሃም በአፏ አትጠጣም፤ በሆድዋ ሥርና በጭኖችዋ አጠገብ ባለው ስስ ቆዳ ትመጠዋለች። ኦክሲጅን የሚያሳልፍ ቆዳ ግን መርዝንም ያሳልፋል። ሳሙና፣ ሽቱ፣ የትንኝ መድኃኒት፣ የራሷ ሽንት የሚያወጣው አሞንያ ሳይቀር ወደ ደምዋ ይገባል። ከዚህ በኋላ የምንዘረዝረው ጥንቃቄ ሁሉ አብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ጣቶችዋ። በዛፍ እንቁራሪት ጣቶች ጫፍ ላይ ክብ ትራስ የመሰለ ነገር አለ። በማጉያ መነጽር ሲታይ ብዙዎቹ ሕዋሳት ባለ ስድስት ማዕዘን ናቸው፤ በመካከላቸውም ቀጭን ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ ዝልግልግ ፈሳሽ ይመላለሳል። እንቁራሪቷ በቆመ መስተዋት ላይ የምትጣበቀው በዚህ ስስ ፈሳሽ ኃይል ነው። ስለዚህ ለእርሷ ቁመት ከስፋት ይበልጣል። ወለሉ ሰፊ ሆኖ ጣሪያው ዝቅ ያለ ሣጥን ለዛፍ እንቁራሪት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ሰዓቷ። የዛፍ እንቁራሪቶች አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት እንስሳት ናቸው። ቀን እግራቸውን ሰብስበው ቅጠል ላይ ተጣብቀው ይውላሉ። ቀን ስለማትንቀሳቀስ ታማለች ብሎ መነካካት እረፍቷን መንሣት ነው።

አራተኛ፣ ሙቀቷ። እንቁራሪት የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ የአካባቢዋን ትወስዳለች። ሲበርዳት የበላችው ምግብ በሆድዋ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆያል፤ በሽታን የመከላከል ኃይሏም ይደክማል።

ሐ. የትኛዋን እንቁራሪት?

በኢትዮጵያ ከ70 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ ከመቶ 40 ያህሉም በሌላ አገር አይገኙም። ይህ ሀብት የሚያኮራ ቢሆንም ያገኘነውን ሁሉ አንሥተን በሣጥን እንድናስገባ ፈቃድ አይሰጠንም።

ለምሳሌ ያህል ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ የምትባለው የዛፍ እንቁራሪት የደጋ ደን ነዋሪ ናት፤ ደኑ በተመነጠረ ቁጥር ቦታዋ እየጠበበ በመሄዱ ለአደጋ ከተጋለጡት ተቈጥራለች። አፍሪክሳሉስ ኤንሴቲኮላ የምትባለው ደግሞ በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ ስለምትገኝ ስሟን ያገኘችው ከእንሰት ነው፤ ይህችን ስም በ1974 ያወጣላት ማልኮልም ላርገን የተባለው ተመራማሪ ነው። እነዚህን የመሰሉት በቦታቸው ሊታዩ እንጂ ሊለቀሙ አይገባም።

ስምም ሊያሳስት ይችላል። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔዎስ የምትባለው የደጋችን እንቁራሪት በዘር ከዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ናት፤ ነገር ግን ዛፍ አትወጣም። ኑሮዋ በሣር ሜዳ ነው፤ መሬት ቆፍራ ትገባለች። እርሷን ቁመቱ ረዥም በሆነ ሣጥን ከቅርንጫፍ ጋር ብናስቀምጣት፣ የዘመዶቿን ቤት ሰጠናት እንጂ የእርሷን አልሰጠናትም። ከቤተ ሰቧ ስም ይልቅ አኗኗሯን መመርመር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም በቤት በብዛት የምትታወቀው የአውስትራልያዋ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ናት። በ1790 በታተመ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጣት ጆን ዋይት የተባለ ሐኪም ነው። በአልኮል ውስጥ የቆየው ናሙና ብጫው ቀለም ለቆት ሰማያዊ ሆኖ ስለ ታየ በላቲን «ሰማያዊ» የሚል ስም ወጣላት፤ እስከ ዛሬም በሕይወት ሳለች አረንጓዴ፣ በስሟ ግን ሰማያዊ ሆና ትኖራለች። ቁመቷ እስከ 10 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ በሰው እጅ ከ15 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ይህ ከማንኛውም የዲግሪ ትምህርት ዘመን ይረዝማል።

ለጀማሪ ተማሪዎች ቡድን የምንመርጠው የሸምበቆ እንቁራሪትን ነው፤ በሳይንስ ስሟ ሃይፔሮሊዩስ ቪሪዲፍላቩስ ትባላለች። ከኢትዮጵያ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ረግረግ፣ በደንገልና በሸምበቆ መካከል ትገኛለች፤ ቁመቷ 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ለመጥፋት ከተቃረቡትም አይደለችም። ስትወሰድ ግን ሥራው በመምህር ኃላፊነት፣ የዱር እንስሳት ጉዳይ በሚመለከተው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ከአንድ ቦታም ከጥቂት በማይበልጥ ቁጥር መሆን አለበት።

መ. የቤቱ አሠራር

ለአራት ወይም ለአምስት የሸምበቆ እንቁራሪቶች ወርዱና ጎኑ 45፣ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር የሆነ መስተዋት በሚከተለው ልክ ይቈረጣል፦

መሠረቱ 45 በ45፤
ጀርባው 45 በ60፤
ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው 44 በ60፤
የፊቱ የታችኛው ክፍል 45 በ12፤
በሩ 45 በ43 ሳንቲሜትር።

የጎኖቹ ልክ 44 የሆነው፣ የጀርባውና የፊቱ መስተዋት ውፍረት አንድ ላይ 1 ሳንቲሜትር ስለሚወስድ ነው። በፊት በኩል በታችኛው መስተዋትና በበሩ መካከል የሚቀረው 5 ሳንቲሜትር ክፍተት በወንፊት ይሸፈናል። ጣሪያው ደግሞ በእንጨት ፍሬም የተወጠረ ወንፊት ይሆናል። መስተዋቱ ባዶውን እንኳ ወደ 16 ኪሎግራም ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠንካራ ይሁን።

ወንፊት በሁለት ቦታ ያስፈለገበትን ምክንያት ማስረዳት ይገባል። ጣሪያው ብቻ ክፍት ቢሆን አየሩ ከታች ረግቶ ይቀራል፤ ሻጋታም ይበቅላል። ከታችም ከላይም ሲከፈት ግን በመብራቱ የሞቀው አየር ቀልሎ በጣሪያው ይወጣል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው በፊት ለፊቱ ክፍተት ይገባል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ወንፊቱ ከፕላስቲክ ክር የተሠራና ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ የሽቦ ወንፊት የእንቁራሪቷን አፍንጫ ይልጣል፤ መዳብ ያለበት ብረት ደግሞ ለእንቁራሪት መርዝ ነው።

መስተዋቶቹን የምናያይዘው በሲሊኮን ነው። ሲገዛ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያልተጨመረበት መሆኑን ከጽሑፉ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል። ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ሳምንት ያህል ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያም በውሃ ተሞልቶ እስከ 12 ሳንቲሜትሩ ድረስ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑ ይፈተን።

ሠ. ወለሉና ተክሎቹ

ወለሉ ሦስት ንብርብር አለው። ከሥር 5 ሳንቲሜትር ያህል ታጥቦ የጠራ ቀይ አሽ ይነጠፋል። ለግንብ ሥራ የሚሸጠው ይህ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለ ሆነ፣ ከላይ የሚወርደውን ትርፍ ውሃ ይቀበላል፤ የተክሉም ሥር በውሃ ተዘፍቆ አይበሰብስም። በእርሱ ላይ አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ወንፊት ይዘረጋል፤ አፈሩ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው። ከወንፊቱ በላይ 6 ሳንቲሜትር አፈር ይደረጋል። ድምሩ 11 ሳንቲሜትር ስለሚሆን ከፊቱ መስተዋት ጠርዝ በታች ይቀራል።

አፈሩ ማዳበሪያም የተባይ መድኃኒትም ያልነካው ይሁን። የኮኮናት ቃጫ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል። ከላዩ ደረቅ ቅጠል ይበተንበታል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጥድ ፍቅፋቂ ግን ፈጽሞ አይገቡም፤ ለሰው አፍንጫ ደስ የሚለው ዘይታቸው የእንቁራሪትን ቆዳ ያቃጥላል።

ለተክል በየቤቱ በቆርቆሮ ተተክሎ የሚታየው ፖቶስ የሚባለው ሐረግ ይበቃል፤ ጥቂት ብርሃን ይበቃዋል፣ ቅጠሉም እንቁራሪት ይሸከማል። ፈርንም ይስማማል። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ተክል ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉ በደንብ ታጥቦ፣ የመጣበት አፈር ከሥሩ ተራግፎ መተከል አለበት። ከዚያም ጣት የሚያህሉ ቅርንጫፎችና የቀርከሃ ቁራጮች አንዳንዱ ቆሞ፣ አንዳንዱ ጋድሞ ይደረደራሉ። መውጫ ብቻ ሳይሆን መደበቂያም ያስፈልጋል። መደበቂያ የሌላት እንቁራሪት ዘወትር በፍርሃት ትኖራለች፤ የፈራች እንቁራሪትም አትበላም። ተማሪ ግን ሁልጊዜ ሊያያት ስለሚፈልግ ቅጠል መቀነስ ይቃጣዋል። ይህን ፈተና ማሸነፍ አለብን።

ረ. ውሃ፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን

ውሃ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ለእኛ ጀርም ይገድልልናል፤ የእንቁራሪትን ቆዳ ግን ይጎዳል። ውሃው አፉ ሰፊ በሆነ ሳፋ 24 ሰዓት ሳይከደን ቢያድር ክሎሪኑ ይለቃል። ክሎራሚን የተጨመረበት ከሆነ ግን በማደር አይለቅም፤ ማጣሪያ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የዝናብ ውሃ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ ስላለው ከአሸንዳ አይቀዳ፤ ሜዳ ላይ በተቀመጠ የፕላስቲክ ሳፋ ይጠራቀም። በቤቱ ውስጥ ጥልቀቱ ከ2 ሳንቲሜትር ያልበለጠ የውሃ ሳህን ይቀመጣል፤ ውሃውም በየቀኑ ይለወጣል፤ እንቁራሪቷ የምትጠጣበትም የምትሸናበትም እርሱ ነውና።

እርጥበት። ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሆነ እርጥበት ይስማማታል። ማታ ማታ ውሃ በመርጫ ይረጫል፤ ቀን ጥቂት እንዲደርቅ ይተዋል። ሁልጊዜ የሚንጠባጠብ ቤት ከደረቅ ቤት ባልተናነሰ ይጎዳል። የእርጥበት መለኪያ መግዛት ለማይችሉ ተማሪዎች ሁለት እኩል ቴርሞሜትሮች ይበቃሉ። የአንደኛው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ውሃው ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ከደረቁ ያነሰ ያሳያል፤ አየሩ በደረቀ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። ደረቁ 25፣ እርጥቡ 22 ዲግሪ ቢያሳይ እርጥበቱ ከመቶ ከ75 እስከ 80 ነው ማለት ነው። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ሰንጠረዥ ሥራ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ሙቀት። ቀን ከ22 እስከ 28፣ ሌሊት ከ18 በታች ያልወረደ ሙቀት ያስፈልጋል። የሸምበቆ እንቁራሪት የሞቃት አገር ልጅ ናት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ያለ ማሞቂያ አይሆንም። 25 ዋት ያህል አምፑል ከጣሪያው ወንፊት በላይ፣ ወደ አንድ ጎን ተደርጎ ይሰቀላል። ወደ አንድ ጎን የሆነበት ምክንያት እንቁራሪቷ ሙቀትና ቅዝቃዜ እንድትመርጥ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ግን ትጣበቅበትና ትቃጠላለች። ሌሊት የሚሞቀው ብርሃን በሌለው ማሞቂያ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቤቱን በብርድ ልብስ መሸፈን ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። በተቃራኒው ቤቱ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ መስተዋት ጨረሩን አስገብቶ ሙቀቱን ስለሚይዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንቁራሪቷን ሊገድላት ይችላል።

ብርሃን። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ይሁን። በአገራችን ቀንና ሌሊት እኩል ሊባል ትንሽ ስለሚቀረው ይህን ማድረግ አይከብድም።

ሰ. ምግብ

እንቁራሪት የሚንቀሳቀስ ነገር እንጂ የሞተ ነገር አትበላም። መጠኑ በሁለቱ ዓይኖችዋ መካከል ካለው ስፋት የማይበልጥ ነፍሳት ይሰጣታል። ለትንሿ የሸምበቆ እንቁራሪት ከሁሉ የሚቀለው የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ በዘር ውርስ ትምህርት የምናውቀው ድሮሶፊላ። የተፈጨ ሙዝና ጥቂት እርሾ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይራባል፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጠርሙስ ከተጀመረ ምግብ አይቋረጥም። ትንንሽ ፌንጣና የእሳት ራትም ይጨመራሉ። ፍሊት ከተነፋበት ክፍል የተያዘ ነፍሳት ግን መርዝ ተሸክሞ ስለሚመጣ አይሰጥም።

ለአዋቂ እንቁራሪት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ መመገብ ይበቃል። በነፍሳት ሰውነት ፎስፎረስ ይበዛል፣ ካልሲየም ያንሳል። ስለዚህ ነፍሳቱ ከመሰጠታቸው በፊት በካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳሉ፤ ተቀቅሎ ደርቆ እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊትም ያገለግላል። በሳምንት አንድ ጊዜ ዲ3 የሚባለው ቫይታሚን ያለበት ዱቄት መጨመር አለበት፤ ያለ እርሱ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ አያልፍም። ይህ ከተጓደለ አጥንቷ ይለሰልሳል፣ መንጋጋዋ ይጣመማል፣ ዘልላም መያዝ ያቅታታል። በዚያ ደረጃ የደረሰው ጉዳት አይመለስም።

ስትበላ መመልከት ራሱ ትምህርት ነው። በምትውጥበት ጊዜ ዓይኖችዋን ትጨፍናለች፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ምግቡን ወደ ጉሮሮ ስለሚገፉላት ነው።

ሸ. ንጽሕናና በሽታ

እንቁራሪትን ያለ ብርቱ ምክንያት አንነካም። ግድ ሲሆን እጃችን ሳሙናና ቅባት ከሌለበት በኋላ በተዘጋጀው ውሃ ይርጠብ። ከነካናት በኋላ ግን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ጤነኛ የምትመስል እንቁራሪት ሳልሞኔላ ልትሸከም ትችላለችና። ኩሷ በየቀኑ ይለቀማል፤ መስተዋቱ በሙቅ ውሃ ብቻ ይታጠባል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ ነው። በ1998 ተመራማሪዎች በአውስትራልያና በመካከለኛው አሜሪካ እንቁራሪቶችን የሚፈጅ መሆኑን አስታወቁ፤ በ1999 የሳይንስ ስም ተሰጠው። በቆዳዋ ላይ ይበቅላል፤ በቆዳ በኩል የሚካሄደውን የሶዲየምና የፖታሲየም ዝውውር ያውካል፤ የደምዋ ጨው ሲጓደል ልቧ ይቆማል። በ2019 የታተመ ጥናት ይህ በሽታ ቢያንስ 501 ዓይነቶችን እንዳመናመነና ከእነዚህም 90 ያህሉ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ገልጧል። በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በብዙ ዓይነት እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱን አሳይቷል። በዓለም ላይ እንዲዛመት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሰው ሕያው እንቁራሪቶችን ከአገር ወደ አገር ማዘዋወሩ ነው።

ከዚህ ሦስት ሕግ ይወጣል። አንደኛ፣ አዲስ የመጣች እንቁራሪት ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ለብቻዋ ትቆይ። ሁለተኛ፣ ከቤቱ የሚወጣ ውሃ ወደ ወንዝና ወደ ቦይ አይደፋ፤ በረኪና ተጨምሮበት ከቆየ በኋላ ከውሃ ርቆ በደረቅ መሬት ይደፋ። ረግረግ የወረድንበት ጫማም ታጥቦ በፀሐይ ፈጽሞ ይድረቅ። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ በመስተዋት ቤት የኖረች እንቁራሪት ወደ ዱር አትመለስ። ለእርሷ ያዘንን መስሎን ብንለቃት፣ ከሌላ ቦታ የያዘችውን በሽታ ለረግረጉ ሁሉ እናወርሳለን። ይህም ማለት ከረግረጉ ያወጣናት ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ተረክበናል ማለት ነው።

ቀ. ምን እንማርበታለን?

በደንብ የተያዘች የሸምበቆ እንቁራሪት ለትጉህ ተማሪ ብዙ የምርምር በር ትከፍታለች። በደረቅ ወቅት በዱር ስትኖር በቆዳዋ ውስጥ ያሉት ብርሃን አንጸባራቂ ክሪስታሎች እየበዙ ቆዳዋ ይነጣል፤ ጨረሩንም ይመልሳል። በቤታችንም የቀንና የሌሊት ቀለሟን በየዕለቱ መመዝገብ ይቻላል። ወንዱ ጉሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ ይጮኻል፤ 3 ሳንቲሜትር ከሚሆን አካል ያን ያህል ድምፅ መውጣቱ ያስገርማል፤ ቤቱ ከመኝታ ክፍል ይልቅ በቤተ ሙከራ እንዲቀመጥ የምንመክርበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1989 የታተመ ጥናት ደግሞ በቤተ ሙከራ የተያዙ የዚሁ ዓይነት ሴቶች አንዳንዶቹ እንቁላል ከጣሉ በኋላ ወደ ወንድነት እንደ ተለወጡ አስታውቋል። እንዲህ ያለው ነገር የተገኘው በየቀኑ የሚመለከትና የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ ነው።

በ. ከመጀመራችሁ በፊት

አሁን የቀረው ከመስተዋቱም ከአፈሩም የሚከብደው ጉዳይ ነው። ተማሪ በፈተና ሰሞን ይጠፋል፤ በክረምት ወደየአገሩ ይበተናል፤ ተመርቆም ይሄዳል። እንቁራሪቷ ግን በፈተናም ሰሞን ትበላለች፣ በክረምትም ውሃዋ መለወጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ከሚጀምር ቢያንስ አምስት ሰዎች በስም ዝርዝር ተራ ገብተው፣ ከእነርሱም ሁለቱ የታችኛው ዓመት ተማሪዎች ሆነው ይጀምሩ። ክረምቱን በከተማው የሚቆየው ማን እንደ ሆነ ከመጋቢት በፊት ይታወቅ። የመምህሩም ፈቃድ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ለቡድኑ ፈተና የሚሆን አንድ ነገር እንመክራለን። ቤቱ ተሠርቶ ተክሉም ከተተከለ በኋላ፣ እንቁራሪት ሳይገባበት ለአንድ ወር ሙሉ እንዳለበት አድርጋችሁ ጠብቁት። ማታ ማታ ርጩ፤ ውሃ ለውጡ፤ ጠዋትና ማታ ሙቀቱንና እርጥበቱን በደብተር መዝግቡ፤ የዝንቡን ጠርሙስ አዘጋጁ። ወሩ ለተክሎቹ ሥር መስደጃ ስለሚሆን በከንቱ አይባክንም። በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ይከፈት። 60ው መዝገብ ሁሉ ሞልቶ ከተገኘ፣ የሙቀቱም ልክ ከተባለው ካልወጣ እንቁራሪቷን አምጡ። በየመካከሉ ባዶ መስመር ካለ ግን ያ ባዶ መስመር ሕይወት ባለበት ቤት ምን ማለት እንደሚሆን ተነጋገሩበት።

ፈተናውን ያላለፈ ቡድን ከትምህርቱ ይቀራል ማለት አይደለም። ባትሪና ደብተር ይዞ በዝናብ ወራት ምሽት ወደ ቅርብ ረግረግ መውረድ ምንም ወጪ የለውም፤ የትኛዋ በየት ቅጠል ላይ ተቀምጣ እንደምትጮህ፣ በስንት ሰዓትና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደ ሆነ መጻፍ ይቻላል። ቤቱም ከነፈርኑ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይቆይ፤ ለሚመጣው ዓመት ተማሪዎች ተሠርቶ ይጠብቃቸዋል።